ለማስተማር ወደ ሰው አገር ስለ መሄድ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ከፈጸመች በኋላ፣ የስፔን መንግሥት ልጆቹን እንግሊዝኛ እንዲያለማምዱለት ከውጭ አገር እየጠራ በየትምህርት ቤቱ ከሚመድባቸው ወጣቶች አንዷ ሆና ወደዚያ አገር ሄደች። የክፍሉ ባለቤት ሌላ መምህር ነው፤ የእርሷ ሥራ ከልጆቹ ጋራ መነጋገር ነው። በስልክ ስትሰናበተኝ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ጋሼ፣ የስፔንን ቋንቋ አራት ዓመት ተምሬአለሁ፤ አሁን ደግሞ እንደ እነርሱ እየበላሁ፣ እንደ እነርሱ እየተናገርሁ እኖራለሁ» አለችኝ። እኔም በሄድሽበት ይቅናሽ ብዬ መረቅኋት።

ሁለት ወር ያህል ቆይታ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ግን ሌላ መልክ ነበረው። የተመደበችው በአገሩ ሰሜን ምዕራብ በጋሊስያ፣ ከትልቅ ከተማ ራቅ ባለች ትንሽ መንደር ነው። ምሳ የሚበላው ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም በ9፣ እራትም ከምሽቱ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ስለ ሆነ ሆዷ ገና አልለመደም። ዝናቡ አያባራም። ጎመኑና ድንቹ ከአደንጓሬ ጋራ አብሮ የሚቀቀልበት ሾርባቸው ግን የእናቷን ቤት ያሳስባታል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ያሳዘናት ቋንቋው ነው። በክፍል ውስጥ እርሷ የተማረችውን የካስቲልያን ቋንቋ ይናገሩላታል፤ ከደጅ ስትወጣ ግን ሽማግሎቹም፣ ዳቦ ሻጯም፣ ቤት ያከራየቻት አሮጊትም እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በጋሊስያኛ ነው። እርሷ የምታውቀው ምስጋና «ግራሲያስ» ነው፤ እነርሱ «ግራሳስ» ይላሉ። «አንድ ቋንቋ ተምሬ መጣሁ፤ ሰዎቹ የሚኖሩት በሌላ ነው። ልጆቹም ስሳሳት ይስቁብኛል። አንተ በወጣትነትህ ጨፋ ሮቢት ወርደህ እንግሊዝኛ ስታስተምር እንዴት አደረግህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ አሮጊቲቱ ለመመለስ አልተቸገርሁም። ጄኔራል ፍራንኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1939 እስከ 1975 ስፔንን ሲገዛ ጋሊስያኛን፣ ካታላንኛንና ባስክኛን ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት አስወጥቶ ነበር። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት ነው መልሶ በየክፍላቸው የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ በሩን የከፈተላቸው። እንግዲህ ያች አሮጊት በልጅነቷ ትምህርት ቤት ገብታ እንደ ሆነ፣ የቤቷን ቋንቋ ደጃፉ ላይ ጥላ መግባት ነበረባት። ዛሬ ከእንግዳ ጋራ በካስቲልያ ቋንቋ፣ ከጎረቤቷ ጋራ በራሷ ብትናገር ንቀት አይደለም። ይህን ጻፍሁላት።

ደግሞ ምሳሌ እንዲሆናት ከእርሷ አገር ወደ እኛ የመጣ አንድ መምህር አስታወስኋት፤ እርሱም ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1564 ስፔን ተወለደ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለመሻገር ሲል ተይዞ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ በመጨረሻም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1603 በምፅዋ በኩል ገብቶ በትግራይ ፍሬሞና ተቀመጠ። እዚያም ልጆች ሰብስቦ እያስተማረ፣ እርሱ ራሱ አማርኛንና ግእዝን ተማረ። በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ድረስ ሄዶ አየ፤ በ1622 ሞተ። የሃይማኖቱን ነገር እዚህ አላነሣም፤ እኔም በሌላ ሚስዮን ቤት ያደግሁ ነኝና ፈራጅ ልሆን አይገባኝም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴስ በትእዛዝ አስቸኩሎ የሕዝቡን ልማድ ልለውጥ ቢል አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ በ1632 አፄ ፋሲለደስ ነገሡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚስዮናውያኑ ከአገር ተባረሩ። አንዱ በዝግታ ቋንቋ ሲማር የሠራውን ሌላው በጥቂት ዓመት አፈረሰው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ልልክላት ስል እጄ ተያዘ። የጠየቀችኝ ስለ ፓኤዝ አልነበረም፤ ስለ እኔ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለ ሞተ ሰው መጻፍ ይቀላል። ስለዚህ ደብዳቤውን አቆይቼ ይህን ጀመርሁ።

ሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ያስተማረችኝ አንዲት የስዊድን አገር ሴት ነበረች። አማርኛ ስትናገር «ጠ» እና «ተ» አይለዩላትም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለወላጆች ስብሰባ አንዱን ልጅ «አባትህ መታ ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁም ቀና ብሎ «አዎን ሚስ፣ ትናንት ማታ መታኝ» አላት። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። እርሷም የተሳሳተችውን ከተረዳች በኋላ ከሁላችን ይልቅ ሣቀችና፣ ከኪሷ የማይጠፋውን ትንሽ ደብተር አውጥታ ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አስጻፈችን። ከዚያ ወዲያ ስንሣሥት እንሣቅ ነበር እንጂ አንፈራም ነበር። በዚያው ግቢ ደግሞ ሃያ ዓመት የተቀመጡ፣ ከ«ና» እና ከ«ሂድ» በቀር አማርኛ የማያውቁ ሌላ መምህር ነበሩ። እኔ መምህር በሆንሁ ጊዜ እርሷን እመስላለሁ ብዬ አስብ ነበር። የመሰልሁት ግን እኚህን ነው።

በ1973 ዓ.ም. የ23 ዓመት ጎልማሳ ሳለሁ ወደ ጨፋ ሮቢት ተመደብሁ። ደጋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ጣርማ በርን በዋሻው አልፈን ደብረ ሲናን ቁልቁል ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤን፤ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አልፈን ጨፋ ሜዳ ላይ ስንደርስ የቀረኝ ሸሚዝ ብቻ ነበር። ከመንገዱ በታች እስከ ዓይን ዳር ድረስ ቦርከና የሚያረሰርሰው ረግረግ ተዘርግቷል፤ በላዩም የከብት መንጋ እንደ ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተበትኖበታል። አንድ ሽማግሌ በኋላ እንደ ነገሩኝ ጨፋ ማለት ይኸው ረግረግ ሣር ነው፤ ሮቢትም የሮብ ገበያው ነው። ሣሩ ስሙን በኦሮምኛ፣ ገበያው በአማርኛ ሰጥተው አብረው ይኖራሉ።

ውጭ አገር የሄድሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ይህን ማለቴ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ የገዛ አገሬ ነውና። ነገር ግን በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ሃይማኖቱ እስልምና ነው፤ እንጀራው የማሽላ ነው፤ ወባውም ለደጋ ሰው አያዝንም። ከሚስዮን ትምህርት ቤት ጀምሮ የአናሲሞስ ነሲብን ስም አውቃለሁ፤ ከባርነት ነፃ ወጥቶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እንደ ተረጐመ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899ም በእኛው ፊደል እንደ ታተመ ተምሬአለሁ። ስሙን በፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ሰውዬው ዕድሜውን የሰጠለትን ቋንቋ ግን አንዲት ቃል እንኳ ለመማር አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ የመጣሁት እንግሊዝኛ ላስተምር ነው፤ በአማርኛ አስረዳለሁ፤ ሌላው የእነርሱ ጉዳይ ነው እል ነበር።

ያከራዩኝ ሰው ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ነበሩ። እኔ ክርስቲያን በመሆኔ እነርሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማልበላ ሳልነግራቸው ያውቃሉ። የአረፋ በዓል ሲደርስ ሁሉ ሥጋ በልቶ እኔ ሽሮ እንዳልበላ ብለው አንዲት ግልገል ፍየል ለብቻዬ ገዙና፣ በቀኝ እጃቸው ቢላዋውን፣ በግራቸው ገመዱን ይዘው ከደጄ ቆሙ። «መምህር፣ በእርስዎ ሥርዓት ይረዱት» አሉኝ። እኔ ደግሞ በሚስዮን አዳሪ ቤት ያደግሁ ሰው፣ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። ቢላዋውን ተቀብዬ ላብ ሲያጠምቀኝ ባዩ ጊዜ ምንም ሳይሉ ልጃቸውን ልከው፣ መንገድ ዳር ከቆመ የጭነት መኪና አንድ ክርስቲያን ረዳት አስጠሩልኝ። ሰውዬው አርዶ፣ ገፎ፣ ድርሻውን ይዞ ሄደ። ጎረቤቶቹ ይህን ለብዙ ወር እያነሡ ይሥቁብኝ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ለሣቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ቤት ሲቃጠልና የሰው ሕይወት ሲጠፋ በሰማሁ ጊዜ ወዲያው ለእኚያ ሰውዬ ልጅ ደወልሁለት። አባቱ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። «ደኅና ናችሁ ወይ?» ልለው ስል እርሱ ቀድሞ «እናንተስ ወገኖቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ?» አለኝ። ማን ጀመረው፣ ማን ጨረሰው ተባብለን አልተጠያየቅንም። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብለን ስልኩን ይዘን ቆየን፤ ከዚያም ስለዚያች ፍየል አነሣብኝ።

አሁን ወደ ተጠየቅሁት ልመለስ። በስድስተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረ፤ ስሙን አልጽፍም። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከኋላ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ብጠይቀው ዝም፤ በአማርኛ ብጠይቀውም መሬት መሬት ያያል። በበጋው ወራት የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት ለሣርና ለውኃ ወደ ጨፋ ስለሚወርድ ልጁ ከከብቶቹ ጋራ ውሎ ሦስት ሳምንት ከክፍል ቀረ። በተመለሰ ዕለት አስነሣሁትና በሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን አንብብ አልሁት። ዝም አለ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ዝም አለ። ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ ዞሬ «ይህ ልጅ አፍ የለውም» አልሁ። ልጆቹ ሣቁ። በመዝገቡም ላይ በስሙ አንጻር ቀይ መስመር ሰረዝሁበት። የመምህር ቀይ እስክሪፕቶ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መምህር ሲያረጅ ነው የሚያውቀው።

ከዚህ በኋላ አሥር ቀን ያህል ሲሆን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አየር ልቀበል ብዬ ወደ ቦርከና ወረድሁ። ከብት የሚሄድበትን መንገድ ትቼ በአረንጓዴው ላይ ላቋርጥ አልሁ፤ ጠንካራ መስክ መስሎኛል። ጥቂት እንደ ሄድሁ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፤ አንዱን ሳወጣ ሌላው እስከ ጉልበቴ ገባ። ከሩቅ ሰው ይጮኻል፤ «ገረ ሚርጋ! ገረ ሚርጋ!» ይላል። ምን ማለት እንደ ሆነ አላወቅሁም። የሚጠራኝ መስሎኝ ወደ ግራ፣ ወደ ድምፁ ዞርሁ፤ እስከ ወገቤ ሰመጥሁ። በኋላ እንዳወቅሁት «ወደ ቀኝ» ማለት ኖሯል። እንግሊዝኛውን «ራይት» እና «ሌፍት» ለስንት ልጅ አስተምሬአለሁ! በዚያች ሰዓት ግን ሕይወቴን የሚያድናት ቀኝ እኔ በማላውቀው ቋንቋ ይነገር ነበር።

ልጁ በሆዱ በቄጤማው ላይ ተኝቶ የከብት ዱላውን ዘረጋልኝ። እንደ ወጣሁ ሦስት የአፋር እረኞች መጡ፤ በአፋርኛ አነጋገራቸው፤ ውኃም አመጡልኝ። ከዚያም ወደ ከብቶቹ ዞሮ፣ ለእያንዳንዷ በየስሟ እየጠራ፣ ለእነርሱ ብቻ በሚገባ አፍ ተናገራቸው፤ ዞረውም ሄዱ። እኔ ጭቃ ለብሼ ተቀምጬ ሰማሁ። ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ የከብቱም ጥሪ፤ ለእኔም ደግሞ ቀስ ባለ አማርኛ «ጋሼ፣ ጫማዎ ቀርቷል» አለኝ።

አፍ የሌለው ልጅ ይህ ነበር።

እዚያው ተቀምጠን «አፍ የለውም ያልሁህን ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጁ ወደ ሣሩ እያየ፣ «በእኛ ‹አፋን› ማለት አፍም ነው፤ ቋንቋም ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ቂም ይሁን ትምህርት እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ በየማታው ቦርከና ዳር እየወረድሁ ተማሪው ሆንሁ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍት ያሳትም ነበር፤ በኦሮምኛ የተዘጋጀው፣ በግእዝ ፊደል የተጻፈው የማስተማሪያ መጽሐፍ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። እኔ ፊደሉን አነባለሁ፤ ትርጉሙን አላውቅም። እርሱ ትርጉሙን ያውቃል። በዚህ ዓይነት አንዳችን ለአንዳችን ዓይንና ጆሮ ሆንን። ጨካኝ መምህር ነበር። አንዲት ቃል ሳሳስት ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል፤ በአፍ ውስጥ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ የሚወጣውን የኦሮምኛ «ደ» ለሁለት ሳምንት አስጩኾኛል። ተማሪ «በረታ» ይባላል ባለኝ ጊዜ በአማርኛ ጆሮዬ ሰምቼው ደስ አለኝ። መምህሩም «በርሲሳ» ነው፤ ከዚያው ከመማር የወጣ ቃል ነው፤ እንዲማር የሚያደርግ ማለት ነው። ‹አካም ቡልቴ› ብዬ ያከራዩኝን ሽማግሌ አንድ ጠዋት ሰላም ባልኋቸው ጊዜ የያዙትን ማንቆርቆሪያ አስቀምጠው ሁለት እጄን ያዙ። ስድስት ወር አብረን ስንኖር ያልነገሩኝን፣ ስለ ሞቱባቸው ልጆች፣ ስለ መሬታቸውና ስለ ወጣትነታቸው የነገሩኝ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በክፍልም የእንግሊዝኛውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ ማስረዳት ጀመርሁ፤ የኋላው ወንበር ሁሉ እጅ ማውጣት ጀመረ። ያ ልጅ ግን በኋላው ወንበር ላይ አልነበረም።

ለእህቴ ልጅ ሳልነግራት ልቀር ያሰብሁት ይህንን ነው። «አፍ የለውም» ያልሁት በአርባ ልጆች ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅሁት በከብቶች ፊት ነው። ክፍል ገብቼ፣ እርሱን አስጠርቼ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ይህ ልጅ ከእኔ ይልቅ ብዙ ቋንቋ ያውቃል» ማለት ነበረብኝ። መዝገቡንም ገልጬ ያንን ቀይ መስመር ማረም ነበረብኝ። ሰኞ አደርገዋለሁ እያልሁ ሳምንት በሳምንት ተተካ። የመምህርነቴ ክብር ይቀንሳል ብዬ ፈራሁ። ማታ ማታ ስለምንገናኝ ደግሞ ነገሩ የተስተካከለ መሰለኝ። እርሱም ትምህርት ቤት ልመለስ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም ተመለስ አላልሁትም። ፈተናው አለፈ፤ ክረምቱ ገባ፤ ቦርከና ሞላ። በመስከረም ስመለስ አባቱ ወደ ሌላ ዘመድ ዘንድ ልከውት ኖሯል። የስዊድኗ ሴት ብትሆን ኖሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ስታ፣ እዚያው ሥቃ፣ እዚያው ታርመው ነበር።

ጡረታ በወጣሁበት በ2010 ዓ.ም. ጨፋ ሮቢትን ልይ ብዬ ወረድሁ። አገሩ አሁን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፤ ከተማው ከሚሴ ነው፤ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል ይማራሉ። የቀድሞው ባለቤቴ ልጅ ተቀብሎ አሳደረኝ። ስለዚያ ልጅ ስጠይቀው፣ በሕይወት እንዳለ፣ ባቲ ገበያ ግመል ሲነግድ እንዳዩት ነገረኝ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። እኔ ጨፋ የደረስሁት ዓርብ ነበረ። ለእህቴ ልጅ እውነቱን ልንገራት ብያለሁና፣ እሑድ ጠዋት ሻንጣዬን ማዘጋጀት ጀመርሁ።

ሻንጣዬን ስዘጋ የቤቱ ትንሽ ልጅ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ደብተሯን ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እንግሊዝኛ መምህር እንደ ነበርሁ ነግረዋታል። በላይኛው መስመር ላይ የጻፈችውን ቃል በጣቷ አሳየችኝ። ፊደሎቹን አርባ ዓመት ያህል አስተምሬአቸዋለሁ፤ መነጽሬን አድርጌ በልበ ሙሉነት «ካፋ» ብዬ አነበብሁላት።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። በእነርሱ ንባብ ያ የመጀመሪያው ፊደል «ጨ» መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ጨፋ» አለችኝ፤ «ድገሙት።»

ደገምሁት።